ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ

በአንኮበር በኩል ማር የሚቆረጠው አደይና መች የሚባሉት አበቦች ፈክተው ንቡ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ጥቅምት ሲጋመስ። አንድ ዓመት አያቴ ለጎረቤት በጣሳ እየሰፈሩ ሲሰጡ አጎቴ «ኧረ በዛ፣ ለቤቱም ይቅር እንጂ» ብሎ አጉረመረመ። አያቴ ጣሳውን ከእጃቸው ሳያወርዱ «አንተ ልጅ፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ!» አሉት። ጎረቤታችን ግን ሰምታው ነበርና ማሩን ይዛ የወጣችው ፊቷ ጠቁሮ ነው። ተረቱን ከዚያ ፊት በላይ ያስረዳኝ የለም።

የመጀመሪያው ማር በእጅ የሚሰፈረው ነው፤ ሁለተኛው ከአንደበት የሚወጣው። የሰጡት ነገር የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ አብሮት የወጣው ቃል ከመረረ ተቀባዩ ይዞት የሚሄደው ምሬቱን ነው። ደግሶ እንግዳውን ለሚያመናጭቅ፣ ሊያስታርቅ ተቀምጦ ነገር ለሚያባብስ ሽማግሌም ይተረታል። መጽሐፈ ምሳሌም በ16፥24 ላይ ያማረን ቃል ከማር ወለላ ጋር ያስተካክለዋል።

«ማር የተባለው ማረ ከሚለው ነው፤ ይቅርታ ስለሚጣፍጥ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ግእዙን ብናይ የምንበላው ማር በዐይኑ ዐ «መዓር» ነው። ይቅር ማለት በሐመሩ ሐ «መሐረ» ነው፤ ምሕረት የመጣው ከዚያ ነው። ማስተማር ደግሞ በሃሌታው ሀ «መሀረ» ነው፤ መምህርን የሰጠን እሱ ነው። አማርኛ እነዚህን የጉሮሮ ድምፆች በንግግር ስለጣላቸው ሦስቱ ቃላት ተጠጋግተው አንድ መሰሉ፤ «ማር» ስንል ወለላው፣ «ማር» ስንል ይቅር በል፣ «ተማር» ስንል ዕውቀት። ትግርኛ ግን ድምፆቹን ስለጠበቀ እስከ ዛሬ «መዓር» እና «መሓረ» ለየብቻ ይሰማሉ። ፊደሎቹ ዋጋ የላቸውም ለሚል ሰው የምመልሰው ይህንኑ ነው።

አንድ ሌላ ማር ደግሞ ከገዳም አለ። የመነኮሳት መጽሐፍ የሚነበብበት ደብር ያደገ ሰው ማር ይስሐቅን ያውቃል፤ ብዙዎቻችንም በልጅነታችን ትምህርቱ ስለሚጣፍጥ የተሰየመ ይመስለን ነበር። ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ የነበረ ሶርያዊ አባት ነው። በሱርስት፣ በጥንቶቹ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ «ማር» ማለት ጌታ፣ ጌታዬ ማለት ሲሆን ለቅዱሳንና ለጳጳሳት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ማራናታ፣ «ጌታችን ሆይ ና»፣ የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው።

ሱርስት ቢያንስ የግእዝ ዘመድ ነው። ከዘመድ ስንርቅ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ለስፔን ሰው ማር ባሕር ነው፤ ከላቲኑ «ማሬ» የወረሰው። ለፋርስ ሰው እባብ ነው። በሕንድኛ «ምታ!» ማለት ነው፤ ሥሩም በሳንስክሪት ከሞት ጋር የተያያዘ ነው። ሦስቱም የአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ልጆች ሆነው ሳለ ባሕር፣ እባብና ዱላ ተካፈሉ። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነው የሀንጋሪ ሰው ደግሞ ማር የሚለው «ቀድሞውኑ» ለማለት ነው። ከእነዚህ አንዱም ከእኛ ቀፎ አልወጣም። የሰው አፍ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው፤ «ማ» ደግሞ ሕፃን እንኳ የማያቅተው ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ አጭር ቃል በየአገሩ ለየብቻው መወለዱ አይቀርም።

ይህን የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ በፊት ከደብረ ብርሃን ገበያ ነው። አንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ማር ሻጭ «ደማ» ሲል ሰምቼ እጁ ላይ ቁስል ፈለግሁ። «እምዬ፣ የት ነው የደማው?» አልኋቸው አያቴን። «አልደማም ልጄ፤ በነሱ ቋንቋ ማር ማለት ነው፣ ም ላይ ጠበቅ አርገህ በለው» አሉኝ። ከዚያ በራሱ ቋንቋ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቁት። ሰውየው ፊቱ በርቶ ጣሳውን አንዴ ከሞላ በኋላ እንደገና ጨመረላቸው።