«ስፓም ልኬ አላውቅም!»

በሐረጎ ጠመዝማዛ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ የወረድኩት ይህችኑ ለመስማት ነው። «ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ስፓም ልኬ አላውቅም!» ደንበኛዬ ነጋዴ ናቸው። ቢሯቸው ውስጥ የራሳቸው የኢሜይል ሰርቨር አላቸው። የላኩት ፕሮፎርማ ገዢው ጋ ስፓም (የማይፈለጉ ደብዳቤዎች መጣያ) ውስጥ ገብቶ ቀረ። ይህችን አባባል በየቢሮው እሰማታለሁ። ሰልችታኛለች።

ጋሼ፣ ጂሜይል እርስዎን አያውቅዎትም። መጀመሪያ የሚያየው ደብዳቤው የመጣበትን አይፒ ቁጥር፣ ማለትም የሰርቨሩን የኢንተርኔት አድራሻ ነው። እኛ እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» እንደምንለው ነው። ቁጥሩ ስም አለው? ስሙስ መልሶ ወደዚያው ቁጥር ይመራል? ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ፒቲአር ይባላል። የሚያስገባው የቁጥሩ ባለቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔቱን የሚሰጣችሁ ድርጅት ማለት ነው። ዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለውን ስም) የገዛችሁበት ገጽ ላይ ስትፈልጉት ብትውሉ አታገኙትም።

ቀጥሎ የቁጥሩ ታሪክ ይታያል። ከእናንተ በፊት ማን ይጠቀምበት ነበር? ጎረቤት ቁጥሮችስ ምን ሲልኩ ከረሙ?

የጋሼ ጉዳይ ከዚህም ይቀላል። መስመራቸው ቁጥሩ የሚቀያየር ተራ የቢሮ መስመር ነው። ስፓም የሚከታተለው ድርጅት ስፓምሃውስ እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ፒቢኤል በተባለ ዝርዝር ይይዛቸዋል። ወንጀለኛ ናችሁ ማለቱ አይደለም። ከዚህ ቁጥር በቀጥታ ኢሜይል አይጠበቅም ማለቱ ነው። «ሰርዙልኝ» ብሎ መለመን ትርፉ ድካም ነው፤ ነገ ቁጥሩ ይቀየራል። እኔ የሚወጣውን ደብዳቤ ብቻ ጥሩ ስም ባለው ሪሌይ (ደብዳቤ ተቀብሎ በሚያስተላልፍ ሌላ ሰርቨር) በኩል አሳለፍኩት። የሚገባው እዚያው ሰርቨራቸው ላይ ቀረ።

በየቢሮው የምሰማቸውን ሌሎቹን አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ሎጉ 250 ብሏል፣ ደርሷል።» ሎጉ የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ ነው፤ 250 ማለት ተቀባዩ ሰርቨር ተረከበ ማለት ነው። የት እንደጣለው አይነግራችሁም።

«451 መጣ፣ ታገድን!» አልታገዳችሁም። ቆይታችሁ ተመለሱ ነው የተባላችሁት። ሰርቨሩ ራሱ ደግሞ ይሞክራል፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

«በቀን 5,000 ስለማንልክ የጉግል ደንብ አይነካንም።» ይነካችኋል እንጂ! እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ወደ ጂሜይል አንድ ደብዳቤ የሚልክም ቢሆን ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ወይም ዲኪም (የደብዳቤው ዲጂታል ፊርማ)፣ ፒቲአር እና ቲኤልኤስ (በመንገድ ላይ ምስጠራ) ይጠየቃል። ዲማርክ (ሁለቱ ማረጋገጫዎች ሲወድቁ ደብዳቤው ምን ይደረግ የሚለው መመሪያ) በብዛት ለሚልኩ የተጨመረ ነው።

«ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱንም ካስገባሁ ኢንቦክስ እገባለሁ።» እነሱ መታወቂያ ናቸው። አጭበርባሪም መታወቂያ ያወጣል።

በሳምንቱ ጋሼ ደወሉ። «አሁንም ስፓም!» ባየው የቢሮው ልጅ ለመርዳት ብሎ ሁለተኛ የኤስፒኤፍ መስመር ጨምሮበታል። ለአንድ ዶሜይን የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሲሆን ሁለቱም አይሠሩም። ትርፉን በስልክ አስጠፋሁት።