የማስረጃ ካርታ፦ የጥናት ክፍተት ፍለጋ ከስድስት ኪሎ እስከ ጥቁር አንበሳ

«ጋፑ (የጥናት ክፍተቱ) የት ነው?» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎም ሆነ ጥቁር አንበሳ ግቢ ፕሮፖዛል ይዞ የቀረበ ተማሪ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ብዙዎቻችን «በዚህ ርዕስ የተሠራ ጥናት የለም» ብለን እንገላገላለን። የማስረጃ ካርታ ይህን «የለም» በዓይን እንዲታይ የሚያደርግ ሥራ ነው።

ካርታ ይባል እንጂ ሰንጠረዥ ነው። በረድፎቹ ላይ የተወሰዱ እርምጃዎች ይሰፍራሉ፤ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ምገባ። በአምዶቹ ላይ ውጤቶች ይገባሉ፤ ከክፍል መቅረት፣ የሒሳብ ውጤት፣ ክብደት። እያንዳንዱ ጥናት ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ይቀመጣል። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ጥናት አልተገኘም ማለት ነው። ጥናት ሞልቶት ሲስተማቲክ ሪቪው (ያሉትን ጥናቶች በሥርዓት ሰብስቦ የሚገመግም ሥራ) የሌለው ሳጥንም ክፍተት ነው፤ እዚያ ግን መጠይቅ ይዞ መውጣት ሳይሆን ያለውን ቁጭ ብሎ መገምገም ነው የሚያስፈልገው።

ስልቱ የውጭ ነው። የካርታው ቅርብ ዘመድ ለሆነው ስኮፒንግ ሪቪው (በአንድ ርዕስ ምን ምን እንደተጠና ለሚቃኝ ዳሰሳ) ዛሬም የሚጠቀሰውን አካሄድ አርክሲና ኦማሊ እ.ኤ.አ. በ2005 አወጡት። ካርታውና ስኮፒንግ ሪቪው አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ አሰልቺ ነው እንጂ። ጥያቄው ይወሰናል፣ ምን እንደሚገባና እንደማይገባ አስቀድሞ ይጻፋል፣ ከዚያ ፍለጋ። ሁለት ሰዎች ተለያይተው አብስትራክቶቹን (የጥናቶቹን አጭር ማጠቃለያ) አንብበው ያጣራሉ። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። ጓደኛ ስለሆኑ ብቻ ተነጋግረው «ይግባ» የሚሉ አሉ፤ እንደዚያማ ከሆነ ሁለት ሰው ምን አስፈለገ?

አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው ጣጣ ፍለጋው ላይ ነው። የኛ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመ አንጋፋ ነው፤ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለው። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። ስለዚህ በኢንተርኔት ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት ለኔ ድፍረት ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ያንን ባዶ ሳጥን ሊሞላው ይችላል።

ስማችንም ያደናግራል። አበበ ከበደ አንዱ ጋ በአባቱ ስም፣ ሌላው ጋ በራሱ ስም ይመዘገብና አንድ ጥናት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። በአማርኛ ሲፈለግ ደግሞ «ሕፃናት»፣ «ህፃናት»፣ «ሕጻናት»፣ «ህጻናት» አራቱም መሞከር አለባቸው።

ከሁሉም የሚብሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተጻፈ ቴሲስ በፈረንጆቹ 2005 ወይም 2006 ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ከተመዘገበ ግን «ከ2000 ወዲህ» የሚል ማጣሪያ ጠርጎ ይጥለዋል። ሽፋኑን ገልጦ ማየት የግድ ነው። የራስን ፍለጋ ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ፣ ካርታውን በኋላ የሚያድሰው ሰው ከየት መቀጠል እንዳለበት እንዳይጠፋው።