ስለ ዱር ኮካቱ ቤተሰብ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮካቱ ባለ ቁንጮ በቀቀን ነው። አገሩ አውስትራሊያ፣ ኒው ጊኒ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና የሰለሞን ደሴቶች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሰው ቤት ታስሮ ስለሆነ፣ ዱር ውስጥ ልጅ እንዴት እንደሚያሳድግ ሲወራ ስህተት ይበዛል።

«እንደ ሌላው ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ ይሠራል።»
አይሠራም። እንቁላሉን የሚጥለው ትልቅ ዛፍ ላይ ባለ ፍልፍል፣ ማለትም ግንዱ ውስጥ በተፈጠረ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ፍልፍሉን ከባዶ አይጀምረውም፤ ያገኘውን በመንቆሩ ያሰፋል እንጂ። ፍልፍል የሚፈጠረው ቀስ በቀስ ነው፦ ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ ምስጥና ፈንገስ ውስጡን ይበሉታል፣ ዓመታት ያልፋሉ። ባሕር ዛፍ ለትልቅ ኮካቱ የሚበቃ ፍልፍል እስኪኖረው ከ100 ዓመት በላይ ይፈጃል። «ደረቅ ዛፍ ምን ያደርጋል» ተብሎ ሲቆረጥ አንጀቴን ይበላኛል። ለኮካቱ ከለምለሙ ይልቅ ያ ሽማግሌ ግንድ ነው ቤቱ።

የቤት አያያዛቸውም ይለያያል። ሮዝና ግራጫው ኮካቱ ቅጠል ያነጥፋል። ጥቁሩ የዘንባባ ኮካቱ ቀጫጭን እንጨት ሰነጣጥቆ ይደለድላል። ወንዱማ ዱላ ሰብሮ በእግሩ ይይዝና ግንዱን እንደ ከበሮ ይመታዋል!

«ልጅ የምታሳድገው እናት ብቻ ናት።»
ባለ ቢጫ ቁንጮው ነጭ ኮካቱ ጋ ባልና ሚስት ተራ በተራ ይታቀፋሉ። የምዕራብ አውስትራሊያው የካርናቢ ጥቁር ኮካቱ ጋ የምትታቀፈው ሴቷ ብቻ ናት፣ አራት ሳምንት ያህል። ወንዱ ታዲያ ምግብ ፍለጋ ይውላል። ሲመለስ ይጣራል፤ እሷ ከፍልፍሉ ትወጣለች፤ አፍ ለአፍ ያጎርሳታል።

«ብዙ ይፈለፍላል።»
የዘንባባ ኮካቱ የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው። ካርናቢ ሁለት ቢጥልም አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው አንዱ ጫጩት ነው።

«ጓደኛው የሞተበት ሌላ አያገባም።»
ጥንዶች ለዓመታት አብረው ይዘልቃሉ፤ አንዱ ሲሞት ግን የቀረው ሌላ ይፈልጋል።

«መብረር ከቻለ ራሱን ችሏል።»
ገና ነው። የካርናቢ ጫጩት ከ10 እስከ 11 ሳምንት ሲሆነው ከፍልፍሉ ይወጣል፤ ከወላጆቹ ጋር ግን እስከሚቀጥለው የመራቢያ ወቅት ይቆያል። እየተከተለ «አጉርሱኝ» እያለ ይነዘንዛል።

«መንጋው ትልቅ ከሆነ ችግር የለም።»
ይሄኛው ነው አደገኛው። ኮካቱ ዕድሜው ረጅም ነው። ፍልፍል ያጡ ጥንዶች ሳይፈለፍሉ ለዓመታት በመንጋው ውስጥ ይበርራሉ። ሰማዩ ሞልቶ ይታያል፤ ተተኪ ግን የለም። ለዚህም ነው በምዕራብ አውስትራሊያ ለካርናቢ ኮካቱ ሰው ሠራሽ ጎጆ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው። ጥንዶች ገብተው ፈልፍለውበታል።