ኃጢአት፣ ጽድቅና እምነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኃጢአትና ጽድቅ የሚሉት ቃላት ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን ስለኖሩ ትርጉማቸውን ቆም ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ስለዚህም የክርስትና እምነት ማዕከል በሆነው ጥያቄ ላይ፣ ማለትም ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ የሚባለው በምንድን ነው በሚለው ላይ፣ አማኞችም የማያምኑም ተመሳሳይ ስሕተት ሲደግሙ ይሰማል። ከዚህ በታች የማነሣቸው በተደጋጋሚ የሰማኋቸውን ስሕተቶች ሲሆን፣ ከመካከላቸው እኔም ለዓመታት ይዣቸው የኖርኋቸው አሉ።

«ኃጢአት ማለት መግደል፣ መስረቅና ማመንዘር ነው፤ እነዚህን ካላደረግሁ ኃጢአተኛ አይደለሁም።»

እነዚህ ድርጊቶች ኃጢአት መሆናቸው አያጠያይቅም፤ ስሕተቱ ኃጢአትን በድርጊቶች ዝርዝር መወሰኑ ላይ ነው። ቃሉ ራሱ ከዚያ ሰፋ ያለ ነገር ይናገራል። በግእዝ «ኀጥአ» አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ሲሆን፣ በየቀኑ የምንናገረው «አጣ» የሚለው ግስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ተዛማጁ የዕብራይስጥ ግስ ደግሞ ዒላማ መሳትን ያመለክታል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ድንጋይ ሲወነጭፉ አንዲት ጠጉር እንኳ የማይስቱ 700 ግራኝ ሰዎች ሲጠቀሱ፣ አለመሳታቸው የተገለጸው በዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ ኃጢአተኛ ክፉ ያደረገ ሰው ብቻ ሳይሆን የተፈጠረለትን ነገር ያጣ ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ «ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋልና የእግዚአብሔርም ክብር ጎድሎአቸዋል» ብሎ ለሮም ሰዎች ሲጽፍ ድርጊቱንና ጉድለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጧቸዋል። ጌታ ኢየሱስም በተራራው ስብከቱ ግድያን እስከ ቁጣ፣ ዝሙትንም እስከ ምኞት ድረስ ተከትሎ የወሰደው የኃጢአት ምንጭ ከእጅ በፊት ልብ መሆኑን ለማሳየት ነው።

«ሥጋችን ክፉ ስለሆነ ነው ኃጢአት የምንሠራው።»

ጳውሎስ በገላትያ መልእክት «የሥጋ ሥራ» ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ጥል፣ ቅንዓትና ምቀኝነት ይገኛሉ፤ እነዚህ ደግሞ የጡንቻና የደም ሥራዎች አይደሉም። «ሥጋ» ሲል ከእግዚአብሔር ተለይቶ ለራሱ ብቻ የሚኖረውን ሰው ሁለንተና ማለቱ ነው። አካላችንማ እግዚአብሔር አይቶ እጅግ መልካም ነው ካለው ፍጥረት ወገን ነው።

«ከሌሎች ሰዎች ስለምሻል በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ነኝ።»

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሁለት ሰዎች፣ ሕግን አጥብቆ የሚጠብቅ ፈሪሳዊና ግብር የሚሰበስብ ቀራጭ፣ ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ። ፈሪሳዊው ሐሰት አልተናገረም፤ በእርግጥም ቀማኛ አልነበረም፣ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ይጾም ነበር፣ ከሚያገኘው ሁሉ ዐሥራት ያወጣ ነበር። የሙሴ ሕግ ለሕዝቡ ሁሉ በየዓመቱ የደነገገው ጾም የማስተስረያውን ቀን ብቻ መሆኑን ስናስብ ሰውየው ከታዘዘው በላይ ማድረጉን እንረዳለን። ነገር ግን ጸሎቱን ልብ ብሎ ለሚያነብ፣ የጠየቀው አንዳች ነገር የለም። እጁ ሙሉ ስለሆነ የሚቀበልበት ባዶ ስፍራ አላስቀረም። ቀራጩ ግን በሩቅ ቆሞ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሊያነሣ እንኳ ሳይደፍር፣ ደረቱን እየደቃ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ። ከሌላ ሰው ጋር ራሱን አላነጻጸረም፤ የሠራውን በጎ ነገር አልቆጠረም፤ ለመለወጥ ቃል እንኳ ገና አልገባም። ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰው እርሱ ነው። ይህን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ለቀራጩ ያዝናል፤ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጸልየው እንደ ፈሪሳዊው ነው።

«በብሉይ ኪዳን ሰው የሚጸድቀው ሕግን በመጠበቅ ነበር፤ በእምነት መጽደቅ በአዲስ ኪዳን የመጣ ነገር ነው።»

ይህ አመለካከት በብዙዎች ዘንድ የታወቀ እውነት ተደርጎ ይያዛል፤ ሆኖም ጳውሎስ ስለ እምነት ጽድቅ ሲያስተምር ማስረጃውን ያመጣው ከኦሪት ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 15 አብራም (በኋላ አብርሃም የተባለው) ልጅ የለውም፤ ወራሹ የቤቱ መጋቢ የደማስቆው ኤሊዔዘር እንደሚሆን አምኖ ተቀምጧል። እግዚአብሔር በሌሊት ወደ ውጭ አውጥቶ ከዋክብትን መቁጠር ይችል እንደ ሆነ እንዲቆጥር ነገረው፤ ዘርህም እንዲሁ ይሆናል አለው። «አብራምም በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት።» ከዋክብቱን መቁጠር ላልቻለው ሽማግሌ እግዚአብሔር ራሱ ጽድቅን ቆጠረለት፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ሁለቱን በአንድ ቃል ማገናኘቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የታሪኩ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ይህ የሆነው እስማኤል ከመወለዱ በፊት ነው፤ እስማኤል ሲወለድ አብራም የ86 ዓመት ሰው ነበር፤ የተገረዘው ደግሞ በ99 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ጻድቅ ተብሎ ሲቆጠር የቃል ኪዳኑ ምልክት በአካሉ ላይ አልነበረም፤ ሕጉ ደግሞ፣ ጳውሎስ እንደሚለው፣ ከተስፋው 430 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ዳዊትም በመዝሙር 32 ብፁዕ ያለው ያልበደለውን ሳይሆን በደሉ የተሰረየለትን፣ ኃጢአቱም የተከደነለትን ሰው ነው።

«እምነት ማለት እግዚአብሔር መኖሩን መቀበል ነው።»

«አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» በማለት ያዕቆብ በአዲስ ኪዳን መልእክቱ ይህን አስተሳሰብ በአጭሩ ዘግቶታል። አመነ፣ ታመነ፣ ታማኝ፣ አሜን የሚሉት ቃላት ሁሉ የአንድ ሥር ልጆች ሲሆኑ ሥሩ ጽናትንና መደገፍን ያመለክታል። ማመን ማለት የራስን ክብደት በሌላው ላይ መጣል ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በተለይ ቅን ሰዎችን የሚጎዳ ሌላ ስሕተት አለ፦ «እምነቴ ደካማ ስለሆነ እግዚአብሔር አይቀበለኝም።» እንዲህ የሚያስብ ሰው እምነትን የጽድቅ ዋጋ፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ሥራ አድርጎታል። በማርቆስ ምዕራፍ 9 የታመመ ልጁን ያመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ኢየሱስም እምነትህ ይበርታና ተመለስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። የሚያድነው የተዘረጋው እጅ ብርታት ሳይሆን እጁ የያዘው ጌታ ነው።

«ጽድቅ በእምነት ከሆነ እንደ ልብ ኃጢአት መሥራት ይቻላል፤ ያዕቆብም ይህን አይቶ ጳውሎስን ተቃውሟል።»

ይህን ተቃውሞ አስቀድሞ ያነሣው ጳውሎስ ራሱ ነው፤ መልሱም «በኃጢአት ለሞትን ለእኛ ከእንግዲህ ወዲህ እንዴት አድርገን በእርሱ እንኖራለን?» የሚል ነው። ጳውሎስና ያዕቆብ ሁለቱም አብርሃምን ይጠቅሳሉ፤ ነገር ግን ጳውሎስ ከዋክብት ባየበት ሌሊት፣ ያዕቆብ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይስሐቅን በመሠዊያው ባቀረበበት ቀን ላይ ቆመው ነው። አንዱ ጽድቅ እንዴት እንደሚጀምር፣ ሌላው ሕያው መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ይናገራሉ። የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝ በአማርኛ «ጸደቀ» እንላለን። ቅጠል ማውጣቱ ችግኙን አላጸደቀውም፤ ሆኖም ከዓመት እስከ ዓመት ቅጠል የማያወጣ ችግኝ ጸድቋል የሚል አትክልተኛ የለም። ጳውሎስም በገላትያ መልእክቱ የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ እምነት እንደ ሆነ ጽፏል።

«በዚህ ጉዳይ አብያተ ክርስቲያናት ፈጽሞ አይገናኙም።»

ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል የሆነው ክፍፍልም አንዱ መንሥኤ ይኸው ነበር፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤም በ1547 እ.ኤ.አ. የራሱን ድንጋጌ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ በፈረሙት የጋራ መግለጫ፣ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በራሱ ብቃት ሳይሆን በጸጋ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን እንደ ሆነ አብረው መስክረዋል። ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከፍርድ ቤት ቋንቋ ይልቅ ስለ ፈውስ፣ ስለ ምሥጢራትና ሰው ከጸጋው ጋር ስለሚያደርገው ትብብር አጥብቀው ያስተምራሉ፤ ነገር ግን ጸጋ በሥራ ይገዛል አይሉም።

«በእውነት የጸደቀ ሰው አይወድቅም፤ የወደቀም መጀመሪያውኑ አላመነም ነበር።»

ዮሐንስ «ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን» ብሎ የጻፈው ለአማኞች ነው። ጴጥሮስም በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ከብርዱ የተነሣ በፍም እሳት ዙሪያ ከቆሙት ጋር እየሞቀ፣ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። የዮሐንስ ወንጌል ለፍም እሳት የተጠቀመበት የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ሁለተኛው ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ኢየሱስ ራሱ ባነደደው ፍም ላይ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን በጠበቀበት ማለዳ ነው። ምሳ ከበሉ በኋላ ጴጥሮስን ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው፤ በመጨረሻም «ተከተለኝ» አለው።