የባዮጋዝ ማብላያ ምንድን ነው? የቀድሞ ማረሚያ ቤት ግቢስ ይመቸዋል?

የባዮጋዝ ማብላያ አየር እንዳይገባው ሆኖ የታሸገ ጉድጓድ ሲሆን፣ ረቂቅ ተሕዋስያን የሽንት ቤት ዝቃጭን፣ እበትንና የቄራ ተረፈ ምርትን ያለ ኦክስጅን እያብላሉ ጋዝ የሚያመነጩበት ነው። ስሙ «ማብላላት» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሥራውም ጠላ ጠንስሳ የጋኑን አፍ ከምትመርግ የጎጃም ባለሙያ ሥራ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ከጋኑ አልኮል ሲገኝ፣ ከማብላያው ከ50 እስከ 70 በመቶው ሚቴን የሆነ ጋዝ መገኘቱ ነው። ጋዙ በምድጃ ይነዳል፤ በጄኔሬተር ሲቃጠል ደግሞ አንዱ ሜትር ኩብ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

ዘዴው በማረሚያ ቤቶች የተፈተነ ነው። ሩዋንዳ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትልልቅ እስር ቤቶቿ ማብላያ ገንብታ፣ ለማብሰያ የሚነደውን የማገዶ እንጨት ግማሽ ያህል ለመቀነስ ችላለች። እዚያ ግን ማብላያውን የሚመግቡት ታራሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ታራሚዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ በተዛወሩበት ግቢ መጋቢው ከተማው ይሆናል፤ የፍሳሽ መስመር ባልተዘረጋበት ከተማ ደግሞ ይህ ማለት የሽንት ቤት መምጠጫ መኪኖች ዝቃጩን ከየቤቱ እያመጡ በግቢው ይገለብጣሉ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ግቢ ትልቁ ጥቅሙ ከገበሬ አንድ ጥማድ መሬት ሳይወሰድ ሰፊና የታጠረ ቦታ ማስገኘቱ ነው፤ በነባሮቹ ጣሪያዎች ላይም የሶላር ሰሌዳ ሊተከል ይችላል። ይሁንና እንደኔ አስተያየት ዋናው መመዘኛ የመሬቱ ተዳፋትነት ነው፤ ግቢው ከፍታ ላይ ከሆነና ወደፊት በቱቦ የሚመጣው ፍሳሽ ሽቅብ መገፋት ካለበት፣ ፓምፑ የተመረተውን ኃይል መልሶ ይበላዋል።

ሁለተኛው ነገር ብርድ ነው። ተሕዋስያኑ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በደንብ ይሠራሉ። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ሥራቸው የተሻለ ሲሆን፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ግን ይዘገያል፤ ስለዚህ ማብላያው ከመሬት በታች ተቀብሮ፣ ዝቃጩ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ሰፋ ተደርጎ መሠራት ይኖርበታል።

ማብላያው ግን ብቻውን የፍሳሽ ማጣሪያ አይደለም። ከእርሱ የሚወጣው ውኃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንደያዘ ስለሚቀር፣ በማጣሪያ ኩሬዎች ሳያልፍ ወደ ጣና ከተለቀቀ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ይሆናል። ዝቃጩም የወስፋት እንቁላል ስለሚይዝ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተከማችቶና ደርቆ ወይም ከኮምፖስት ጋር በሚገባ ግሎ ካልሆነ በቀር በጥሬው በሚበላ አትክልት ማሳ ላይ ሊበተን አይገባም።