ሮም ላይ «ሴንዛ ግሉቲኔ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሮም ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ፓኬት ላይ «ሴንዛ ግሉቲኔ» (በጣሊያንኛ «ግሉተን የሌለው») የሚል ካያችሁ፣ ግሉተኑ፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ዜሮ ነው ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚለው በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም አይበልጥ ነው። «በጣም ዝቅተኛ ግሉተን» የሚባል ሌላም አለ፤ እሱ እስከ 100 ስለሚፈቅድ አታምታቱት።

ግራ የሚያጋባው ግን ይሄኛው ነው። ያው «ሴንዛ ግሉቲኔ» የሚል ፓኬት፣ ገልበጥ ስታደርጉት ጀርባው ላይ «አሚዶ ዲ ፍሩሜንቶ ደግሉቲናቶ» ይላል፤ ግሉተኑ የወጣለት የስንዴ ስታርች ማለት ነው። ከ20 እስካላለፈ ሕጉ ይፈቅደዋል። ሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ አንጀትን የሚጎዳ ሕመም) ላለበት ሰው የተሠራ ነው። የስንዴ አለርጂ ካለባችሁ ግን እንዳትነኩት፣ ሁለቱ አንድ ሕመም አይደሉም።

«ሴንዛ ግሉቲኔ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት ምግብ ከሆነ የይዘት ዝርዝሩን እዩ። «ፍሩሜንቶ» ስንዴ ነው፣ «ፋሮ» የስንዴ ዘመድ፣ «ኦርዞ» ገብስ፤ ሕጉ እነዚህ ከሌላው ጽሑፍ ጎላ ብለው እንዲታዩ ያስገድዳል። በነገራችን ላይ ቡና ቤት ውስጥ «ካፌ ዶርዞ» የሚሏት ካፌይን የሌላት መጠጥ የተቆላ ገብስ ናት፣ ትሸውዳለች።

ምግብ ቤት ስለ አለርጂ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግን «ግሉተን የሌለው ፓስታ አለን» ማለት በሌላ ውሃ ይቀቅሉታል ማለት ስላልሆነ፣ ጠይቁ።

«እንጀራዬ ይሻለኛል» ብላችሁ ሐበሻ ቤት ብትሄዱም ያው ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ አውሮፓ ውስጥ ግን ስንዴ ወይም ገብስ የሚቀላቅሉበት ቤቶች አሉ። «ንጹሕ ጤፍ ነው?» በሉ፣ ምንም አያሳፍርም።