የሆስፒታል ካርድ ክፍል መደርደሪያ ስሌት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የካርዱን ብዛት ካወቅን የመደርደሪያውን ብዛት አወቅን።» ካርድ፣ ማለትም የታካሚው ማኅደር፣ በቁጥር ቢመዘገብም ቦታ የሚይዘው በውፍረቱ ነው። ለጉንፋን አንዴ ብቅ ብሎ የጠፋ ወጣት ማኅደሩ ውስጥ ሁለት ቅጠል ወረቀት አለ፤ በየወሩ የሚመላለሱ የስኳር ታካሚ እናት ማኅደር ግን ሆዱ ተነፍቶ በክር ታስሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ይዞ መደርደሪያው ሥር መቆም ነው። ከተለያየ ቦታ አንድ አንድ ሜትር እየለኩ በውስጡ ያለውን ማኅደር ቆጥሮ አማካዩን መያዝ። ከአዲሶቹ ወገን ብቻ የለካ ይሞኛል፤ እነርሱ ገና ቀጭን ናቸው።

«መደርደሪያ የሚሞላው አዲስ ካርድ ሲወጣ ነው።» አሮጌውም ይወፍራል። በዓመት 8,000 ነባር ታካሚ ተመልሶ በእያንዳንዱ ማኅደር 3 ቅጠል ቢጨመር 24,000 ቅጠል ነው። የአንዱ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 2.4 ሜትር ይሆናል። ይህ ግን ወረቀቱ እንዳልተከፈተ የወረቀት እሽግ ልጥፍ ብሎ ቢቀመጥ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ታጥፎ፣ አግራፍ በአግራፍ ላይ በግራ ጥግ ተደራርቦ ሲታይ እኔ 5 ሜትር ብዬ እይዛለሁ።

«የወጣው አዲስ ካርድ ሁሉ አዲስ ታካሚ ነው።» ብዙ ቦታ የሚበላው ይህ ነው። ነባር ታካሚ ይመጣሉ፣ ካርዱ ይታጣል፣ «አዲስ ያውጡ» ይባላሉ። ካርዱ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ ወይም ባለፈው «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈው ስም ዛሬ «ሀይሉ» ተብሎ እየተፈለገ ነው። አንድ ሰው በሁለት ማኅደር ተቀመጠ ማለት ነው። ማኅደር ሲወጣ በቦታው ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ መከታተያ ካርድ ማስገባት ከአዲስ መደርደሪያ በብዙ ይረክሳል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 30,000 ማኅደር አለ እንበል፤ በሜትር 150 ከገባ 200 ሜትር ይይዛል። በዓመት 4,000 አዲስ ሲጨመር 27 ሜትር፣ የነባሩ ውፍረት 5 ሜትር፣ ለረጅም ጊዜ ያልመጡ 3,300 ማኅደሮች ወደ መጋዘን ሲወጡ ደግሞ 22 ሜትር ይቀነሳል። የተጣራው ዕድገት በዓመት 10 ሜትር ነው፤ በአምስት ዓመት 250 ሜትር እንደርሳለን። አምስተኛው እጅ ባዶ እንዲሆን ለ0.8 ስናካፍል 312.5 ሜትር ይመጣል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 እርከን ያለው መደርደሪያ 5.4 ሜትር ስለሚሰጥ 58 ያስፈልጋል።

«ባዶው ቦታ መጨረሻ ላይ ይተው።» ማኅደሩ ከ1 ጀምሮ በተራ ከተደረደረ ልክ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ከሆነ ግን፣ ማለትም 04-57-23 በ23 ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ አዲሱ ካርድ ከ00 እስከ 99 ባሉት መቶ ክፍሎች ይበተናል። ባዶውም መቶ ቦታ መከፋፈል አለበት፤ አለዚያ በየወሩ መደርደሪያ ሙሉ ማኅደር ሲገፉ መዋል ነው።

ክብደቱንም የሚረሱ አሉ። አንድ ሜትር የታጨቀ ወረቀት ወደ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ መደርደሪያው ላላ ብሎ ቢሞላም 200 ኪሎ ገደማ ነው። 58ቱን ፎቅ ላይ ማውጣት ከ11 ቶን በላይ መጫን ስለሆነ መሐንዲስ ሳይጠየቅ አይሆንም።

«ኮምፒውተር ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል» ለሚሉም፦ የሚቀረው በየዓመቱ የሚጨመረው 27 ሜትርና የነባሩ 5 ሜትር ነው፤ እሱም መብራት ካልጠፋ። 200 ሜትሩ የመቆያ ጊዜው እስኪያልቅ እዚያው ነው።